የጓሮ ዶሮዎች መመለጥና መናቆር፤ ላባ ከየት ጎደለ? ለምንስ ጎደለ?

የጤነኛ ዶሮ የገላ ሙቀት ከ41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን፣ ይህን ሙቀት ከውጭው ብርድ የሚጠብቀው በላባዎቿ መካከል ታምቆ የሚቆየው አየር ነው። በመሆኑም ጀርባዋ ወይም ሆዷ የተራቆተ ዶሮ ከምትበላው መኖ ጥቂት የማይባለውን እንቁላል ለመጣል ሳይሆን ገላዋን ለማሞቅ ታውለዋለች፤ በቀዝቃዛ ስፍራ ላባቸው በእጅጉ የተመናመነ እንቁላል ጣዮች ሙሉ ላባ ካላቸው ይልቅ እስከ ሩብ የሚደርስ ተጨማሪ መኖ እንደሚበሉ ተመዝግቧል። እንደ አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን ባሉ ደጋ ከተሞች፣ በተለይም ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ብርዳማ ሌሊቶች፣ ይህ ወጪ ለጥቂት ዶሮዎች ባለቤት እንኳ የሚሰማ ነው። ጉዳቱ ግን በመኖ አያበቃም። የተገለጠ ቆዳ በቀላሉ ይቆስላል፣ ከቁስሉ ደም ይታያል፣ ደም ያየ መንጋም በአንዲቷ ላይ ይረባረባል፤ ጠዋት ጥቂት ላባ ብቻ የጎደላት ዶሮ እስከ ማታ ሞታ ልትገኝ የምትችለው በዚህ መንገድ ነው።

የተመለጠች ዶሮ ስትታይ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ነገሮች አንዱ ይደረጋል፤ ወይ «በሽታ ገባ» ተብሎ ከአቅራቢያ የተገኘ መድኃኒት የመጠጥ ውኃዋ ውስጥ ይጨመራል፣ ወይም ነቋሪዋ ዶሮ «ክፉ» ተብላ ለቢላ ወይም ለገበያ ትቀርባለች። ሁለቱም እርምጃዎች መንስኤው ሳይታወቅ የሚወሰዱ ናቸው። ላባው ከየትኛው የአካል ክፍል እንደጎደለ፣ በምን ያህል ጊዜ እንደጎደለና የቀረው ቆዳ ምን እንደሚመስል በጥንቃቄ ቢታይ ግን አብዛኛውን ጊዜ መንስኤውን ያለ ምርመራ መሣሪያ መለየት ይቻላል፤ መንስኤው ሲለይም ከዶሮዋ ጠባይ ይልቅ የአያያዟ ጉድለት ጎልቶ መውጣቱ የተለመደ ነው።

በቅድሚያ መለየት ያለበት ተፈጥሯዊው የላባ ለውጥ ነው። የላባ ከ85 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ክፍል ኬራቲን ከሚባለው፣ ጥፍርና ፀጉር ከሚሠሩበት የፕሮቲን ዓይነት የተሠራ ሲሆን፣ አድጎ ከጨረሰ በኋላ ሕይወት ስለሌለው ቢሰበር ወይም ቢያረጅ ራሱን አይጠግንም፤ ዶሮ በዓመት አንድ ጊዜ ያህል አሮጌውን ጥላ አዲስ የምታበቅለው ስለዚህ ነው። ለውጡ ከራስና ከአንገት ይጀምርና ወደ ደረትና ጀርባ ወርዶ በክንፍና በጅራት ይጨርሳል፣ ከሁለት እስከ አራት ወርም ሊወስድ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ዶሮዋ እንቁላል መጣል ትቀንሳለች ወይም ፈጽማ ታቆማለች። ምልክቱ ቁስል የሌለበት ንጹሕ ቆዳና ከቆዳው ላይ እንደ እሾህ ብቅ ብቅ የሚሉ፣ በቀጭን ሽፋን የተጠቀለሉ አዳዲስ ላባዎች ናቸው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ለውጡን የሚቀሰቅሰው በዋናነት የቀኑ ማጠር በመሆኑ፣ በዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በጓሯቸው የሚያረቧቸው ዶሮዎች ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ በአንድነት ሲመለጡ ቢያዩ ሊደነግጡ አይገባም። በአዲስ አበባ ግን በዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም ስለማይበልጥ፣ የላባ ለውጥ በታወቀ ወር መንጋውን በሙሉ ከመያዝ ይልቅ በየዶሮዋ በተለያየ ጊዜ ሊመጣ ይችላል፤ ለአንድ ቀን ውኃ መቋረጥ፣ የመኖ በድንገት መለወጥ ወይም እግሯ ታስሮ ከገበያ እስከ ቤት የተደረገ አድካሚ ጉዞ ሊያስጀምረው ይችላል።

አንገተ መላጣ የሚባሉት የአገር ውስጥ ዶሮዎችም ከዚህ ጉዳይ ውጭ ናቸው። አንገታቸው የተራቆተው አንድ የዘር ቅንጣት ከወላጅ ስለወረሱ ሲሆን፣ ይህ ባሕርይ የገላቸውን ላባ በጠቅላላው ስለሚያሳሳው ለቆላ ሙቀት የተመቹ ያደርጋቸዋል፤ በሽታም ጉዳትም የለባቸውም።

እንቁላል ልትታቀፍ የተዘጋጀች ዶሮ የደረቷንና የሆዷን ላባ ራሷ ትነጫለች፤ ይህም የገላዋ ሙቀት ያለ ከልካይ ወደ እንቁላሉ እንዲደርስ የሚያደርግ ሲሆን ላባው ከ21ዱ የመታቀፊያ ቀናት በኋላ ቀስ በቀስ ይመለሳል። የራስ ቅሏ ኋላና የጀርባዋ መካከል ብቻ ከተመለጠ ደግሞ ተጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ አውራው ነው፤ ሲጠቃት በምንቃሩ የራሷን ኋላ ይዞ በእግሮቹ ጀርባዋ ላይ ስለሚቆም ላባው ይሰባበራል፣ የእግሩ ጥፍር ሹል ከሆነም ጎኗን ይሰነጥቃል። ለ8 ወይም 10 ሴት ዶሮዎች አንድ አውራ ይበቃል። ሦስትና አራት ዶሮ ብቻ ባለበት ግቢ አንድ ጎልማሳ አውራ ማኖር፣ ጫጩት ካልተፈለገ በስተቀር፣ በዶሮዎቹ ጀርባ ላይ የሚከፈል ዋጋ ነው።

በእንቁላል መውጫዋና በክንፎቿ ሥር ላባው ቀጥኖ፣ ቆዳው ቀልቶና ቅርፊት አውጥቶ ከታየ ጥገኛ ተባዮች መጠርጠር አለባቸው። የዶሮ ቅማል ሙሉ ሕይወቱን በዶሮዋ ላይ ያሳልፋል፤ እንቁላሎቹን በላባው ሥር እንደ ነጭ ክምችት አጣብቆ ይጥላል፣ ስለዚህም ላባውን ከፈት አድርጎ ያየ ሰው በቀላሉ ያገኘዋል። ከመዥገር ወገን የሆነችውና ማይት የምትባለው ደም መጣጭ ግን አሳሳች ናት፤ ቀይ ማይት ቀን በቆጡ ስንጥቅና በእንጨት መጋጠሚያ ተደብቃ ሌሊት ብቻ ወጥታ ደም ስለምትመጥ፣ ቀን ዶሮዋን የመረመረ ሰው ምንም ሳያገኝ ይመለሳል። ሌሊት በባትሪ ቆጡን ከሥሩ መመልከት ወይም በነጭ ጨርቅ ስንጥቁን መጥረግ በቂ ነው፤ ጨርቁ ላይ የደም ነጠብጣብ ከታየ ጥርጣሬው ተረጋግጧል። ቀይ ማይት ደም ሳታገኝ ለወራት ልትቆይ ስለምትችል ዶሮዎቹን ብቻ ማከም አይበቃም፤ ጉዝጓዙ ወጥቶ መቃጠል፣ ቆጡ በፈላ ውኃ መታጠብ፣ ግድግዳው በኖራ መለቀለቅ ይኖርበታል። ለዶሮ የተፈቀደ ፀረ ተባይ ከእንስሳት ሐኪም ሲገኝም በመጀመሪያው ዙር ያልሞቱት እንቁላሎች ስለሚፈለፈሉ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ መደገም አለበት። ለእርሻ ሰብል የተሠራ ኬሚካል ዶሮ ላይ መርጨት፣ ብዙ ሰው የሚያደርገው ቢሆንም፣ መርዙ በእንቁላሉ በኩል ወደ ቤተሰቡ ገበታ ሊደርስ ስለሚችል ፈጽሞ መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

እነዚህ ሁሉ ሲገለሉ የሚቀረው፣ ዋነኛውም አስቸጋሪውም፣ ዶሮዎች እርስ በርስ የሚያደርሱት ጉዳት ነው። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድነት ስለሚታዩ ግራ ያጋባሉ። አንደኛው የማዕረግ ጠብ ነው። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ቶርሌፍ ሼልደሩፕ-ኤቤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ባሳተማቸው ጽሑፎች እንዳሳየው፣ በአንድ መንጋ ውስጥ የትኛዋ ዶሮ የትኛዋን እንደምትነቁርና ከየትኛዋ እንደምትሸሽ የሚወስን ደረጃ አለ፤ ይህ ደረጃ አንድ ጊዜ ከጸና መንጋው ይረጋጋል። የማዕረግ ጠብ የሚነጣጠረው በራስ ላይ፣ በተለይም በራሷ ላይ በቆመው ቀይ ሥጋ ላይ ሲሆን፣ አጭርና ግልጽ ነው፤ አዲስ ዶሮ ስትገባ ይነሣል፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም ይበርዳል።

ሁለተኛው ላባ መንጨት ሲሆን ከቁጣ ጋር ግንኙነት የለውም። ነጪዋ ዶሮ በእርጋታ ከኋላ ትጠጋለች፣ ከጅራት ሥር ወይም ከጀርባ አንድ ላባ ይዛ ትስባለች፣ ብዙ ጊዜም ትውጠዋለች፤ የምትነጨዋም መጀመሪያ ላይ ብዙም አትሸሽም። በዘርፉ ሰፊ ተቀባይነት ያገኘው ማብራሪያ ይህ ድርጊት አቅጣጫውን የሳተ ምግብ ፍለጋ ነው የሚል ነው። የቤት ዶሮ ቅድመ አያት የሆነችው የእስያዋ ቀይ የጫካ ዶሮ በመካነ እንስሳት ውስጥ ተቀምጣ መኖ ሲቀርብላት እንኳ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል መሬት በመጫርና በመልቀም እንደምታሳልፍ የእንግሊዛዊቷ የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ የማሪያን ዶኪንስ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1989 አሳይቷል። «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» የሚለው የአበው ብሂል ሳይንሱ ዘግይቶ የደረሰበትን ሐቅ ይዟል ማለት ይቻላል። መኖዋን በ20 ደቂቃ ጨርሳ፣ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ በሲሚንቶ ወለል ወይም በሽቦ ላይ የምትቆም ዶሮ ለመልቀም የተፈጠረው ምንቃሯ የሚያርፍበት ነገር ያጣል፤ በዓይኗ ፊት ያለው የሚለቀም ነገር የጎረቤቷ ላባ ብቻ ነው። ልማዱ ከአንዷ ወደ ሌላዋ በማየት ስለሚዛመትም በአንዲት ዶሮ የተጀመረው መንጨት በጥቂት ሳምንታት የመንጋው ሁሉ ሊሆን ይችላል፤ በጫጩትነታቸው ጉዝጓዝ በሌለበት ወለል ያደጉ ደግሞ ለዚህ የበለጠ የተጋለጡ ናቸው።

ከሁሉ የከፋው በእንቁላል መውጫ ላይ የሚደርሰው ጥቃት ነው። ዶሮ እንቁላል ስትጥል የማሕፀኗ እርጥብና ቀይ የውስጥ ክፍል ለጥቂት ጊዜ ወደ ውጭ ይገለጣል፤ ይህ ቀይ ሥጋ በብርሃን ላይ ከታየ ሌሎቹ ይነቁሩታል፣ አንጀቷ እስኪወጣ ድረስም ሊያደርሷት ይችላሉ። ገና መጣል የጀመሩ ቄቦች፣ በተለይም ሰውነታቸው ሳይጠና ትልቅ እንቁላል የሚጥሉት፣ ለዚህ አደጋ ቅርብ ናቸው። መከላከያው ቀላል ነው፤ ለ4 ወይም 5 ዶሮ አንድ የእንቁላል መጣያ ሳጥን በጨለምለም ባለ ጥግ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ ጭድ ጎዝጉዞ ማስቀመጥ ብዙ ሕይወት ያተርፋል።

የዘር ጉዳይም ችላ ሊባል አይገባም። የአገር ውስጥ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ስትጥል እንደ ቦቫንስ ብራውንና ሎህማን ብራውን ያሉት የውጭ ዝርያዎች እስከ 300ና ከዚያም በላይ ስለሚጥሉ፣ ከመኖው የሚጎድለው ትንሽ ነገር በእነዚህ ገላ ላይ ቶሎ ይታያል። በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ዊሊያም ሚውር እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡት ጥናት ደግሞ ጉዳዩን ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል። ለመራቢያነት ብዙ የጣለችውን አንዲት ዶሮ ሳይሆን በአንድ ላይ ብዙ የጣሉትን የአንድ የሽቦ ቤት ዶሮዎች በሙሉ ሲመርጡ፣ ምንቃራቸው ያልተቆረጠ ዶሮዎች ዓመታዊ የሞት መጠን በጥቂት ትውልድ ውስጥ ከ68 በመቶ ወደ 8.8 በመቶ ወርዷል። ከዚህ የሚከተለው፣ ከመንጋው በጉልህ የምትበልጠዋ ዶሮ አንዳንድ ጊዜ የምትበልጠው ሌሎቹን እየጎዳች በመሆኑ፣ ለእናትነት ስትመረጥ በጎረቤቶቿ ጀርባ ላይ ያለው ላባም መታየት እንዳለበት ነው።

መኖን በተመለከተ ለእንቁላል ጣይ ዶሮ ከ16 እስከ 17 በመቶ ፕሮቲን ያለው ምግብ ያስፈልጋል። በቆሎ 8 ወይም 9 በመቶ ገደማ ብቻ ያለው በመሆኑ፣ በበቆሎና በእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ የሚኖር መንጋ ላባ ለማብቀል የሚያስፈልገውን አያገኝም። ከፕሮቲኑ መጠን በላይ ወሳኙ ሜቲዮኒን የሚባለው፣ ድኝ ያለበት የፕሮቲን መገንቢያ ቅንጣት ነው፤ ላባ ብዙ ድኝ ስለሚፈልግ ይህ ሲጎድል አዲሱ ላባ ዘግይቶና ደካማ ሆኖ ይወጣል፣ ዶሮዎቹም የወደቀ ላባ መብላት ይጀምራሉ። ባቄላ፣ አተርና ሌሎች ጥራጥሬዎች በሜቲዮኒን ድሃ ሲሆኑ የኑግ ፋጉሎ ከእነርሱ የተሻለ ነው፤ ስለዚህ የኑግ ዘይት ከሚጨመቅበት ሰፈር አጠገብ የሚኖር አርቢ ውድ ያልሆነ መፍትሔ በእጁ አለ፣ አሰሩ የበዛ በመሆኑ ግን ከሌላው መኖ ጋር ተመጥኖ መቀላቀል አለበት። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ባሉ ከተሞች የዓሣ ተረፈ ምርት ተቀቅሎና ደርቆ ይቀርባል፤ በገጠር ደግሞ ከኩይሳ የሚወጣ ምስጥ ለጫጩትና ለተመለጠች ዶሮ እጅግ ጥሩ ምግብ ነው። አኩሪ አተር ሳይቆላ ወይም ሳይቀቀል መሰጠት የለበትም፤ ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚከለክል ንጥረ ነገር አለበት። ጨውም በቤት ውስጥ በሚቀላቀል መኖ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ በ100 ኪሎ ግራም መኖ ከ300 እስከ 500 ግራም ጨው ካልገባ መንጋው ይቅበዘበዛል፣ መነቋቆሩም ይብሳል። ከዚህ እጅግ አብልጦ መጨመር ግን ዶሮን ሊገድል ይችላል።

ቤቱና ግቢው ከመኖው ባልተናነሰ ሊታሰብባቸው ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ከሽቦ ቤት ውጭ ለሚያዙ እንቁላል ጣዮች በአንድ ካሬ ሜትር ከ9 ዶሮ እንዳይበልጥ፣ ለእያንዳንዷም 15 ሴንቲ ሜትር የቆጥ ቦታ እንዲኖራት ደንግጓል፤ ይህ ለንግድ እርባታ የተቀመጠ ዝቅተኛ ወሰን ስለሆነ በጓሮ ከዚያ ግማሹን፣ ማለትም በካሬ ሜትር 4 ወይም 5 ማኖር ይመረጣል። መሬቱ ላይ ጭድ ወይም ሰጋቱራ በርከት አድርጎ ጎዝጉዞ ጠዋት ጠዋት ጥቂት እህል በውስጡ መበተን ዶሮዎቹን ለሰዓታት ያስጭራቸዋል። ጎመን በገመድ ታስሮ ቁመታቸው ላይ ቢንጠለጠልም ምንቃራቸው ሥራ ያገኛል። ደረቅ አፈርና የእንጨት አመድ የተቀላቀለበት ጉድጓድ፣ ዝናብ በማይደርስበት ጥግ፣ አቧራ እንዲታጠቡ ያስችላቸዋል፤ ይህም ቅማልን ይቀንሳል፣ ላባቸውንም ከትርፍ ቅባት ያጸዳል። መኖና ውኃ በአንድ ቦታ ብቻ ከቀረቡ በመንጋው ዝቅተኛዋ ዶሮ ስለምትከለከል በሁለት ወይም በሦስት ስፍራ መከፋፈል ተገቢ ነው። በጠባብ ቤት ውስጥ የሚበራ ደማቅ አምፖልም ጠባቸውን ያባብሳል።

በትላልቅ እርባታዎች የተለመደው መፍትሔ የምንቃርን ጫፍ በጋለ ስለት መቁረጥ ነው። ይሁንና ምንቃር በነርቭ የተሞላ አካል ሲሆን፣ ብሪዋርድና ጄንትል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 እንዳሳዩት በተቆረጠው ጫፍ ላይ የተበላሹ የነርቭ እባጮች ይፈጠራሉ፣ ለወራት የሚቆይ ሕመምም ሊያስከትሉ ይችላሉ። ኖርዌይ፣ ስዊድንና ፊንላንድ ድርጊቱን በሕግ ከልክለዋል። ጥቂት ዶሮ ለሚያረባ ቤተሰብ ምንቃር መቁረጥ ፈጽሞ አያስፈልግም፤ የጎደለውን መኖና ጉዝጓዝ ማሟላት ከዚያ ይቀላል፣ ሥቃይም የለበትም።

ቁስል ከታየ በዚያው ሰዓት ዶሮዋ ከመንጋው ትለይ። ቁስሉ አንድ ሊትር ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ 9 ግራም፣ ማለትም አንድ ተኩል ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ የሚያህል ጨው ተበጥብጦበት በደንብ ይታጠባል፤ ከዚያም ፖቪዶን አዮዲን ውኃ ተቀላቅሎበት ቀጭን ሻይ ከመሰለ በኋላ ይቀባል። ንጹሕ ማር ለቁስል ጠቃሚ መሆኑ የታወቀ ቢሆንም ዝንብ ስለሚስብ የተቀባችዋ ዶሮ ዝንብ በማይገባበት ስፍራ መቀመጥ አለባት። ዝንብ ቁስል ላይ ከጣለ በአንድ ቀን ውስጥ ትል ሊፈለፈል ስለሚችል ቁስሉ በየቀኑ ጠዋትና ማታ መታየት ይኖርበታል። በአንዳንድ ቤት እንደሚደረገው አመድ በእርጥብ ቁስል ላይ መነስነስ ሥጋውን ያቃጥላል፤ አመድ ለአቧራ መታጠቢያ እንጂ ለቁስል አይሆንም። ገና የሚበቅል ላባ በውስጡ ደም ስላለው ሲሰበር ይደማል፤ በንጹሕ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ተጭኖ በበቆሎ ስታርች መሸፈን ብዙ ጊዜ ያቆመዋል። ጥልቅ ቁስል፣ የወጣ አንጀት ወይም የሚሸት መግል ያለባት ዶሮ የእንስሳት ሐኪም ያስፈልጋታል፤ አንቲባዮቲክ ከታዘዘላትም ሐኪሙ እስከሚፈቅድበት ቀን ድረስ እንቁላሏ አይበላም።

ቁስሉ ድኖ ላባው ሳይመለስ የሚቀርበት ሁኔታ ብዙዎችን ተስፋ ያስቆርጣል። ከሥሩ የተነቀለ ላባ ወዲያውኑ መብቀል ይጀምራል፣ በጥቂት ሳምንታትም ይታያል፤ የተሰበረና ጉቶው በቆዳው ውስጥ የቀረ ግን እስከሚቀጥለው ተፈጥሯዊ የላባ ለውጥ ድረስ እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ አውራው የሰባበረው የዶሮ ጀርባ ለወራት ባይሸፈን መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። ጉቶውን መንቀል እጅግ ስለሚያም መሞከር የለበትም፤ ሌላ ጉዳት እንዳይደርስ ከጨርቅ የተሰፋ ቀለል ያለ ሽፋን ጀርባዋ ላይ ማሰር ይቻላል።

የዳነችዋን ዶሮ በቀጥታ ወደ መንጋው መልቀቅ ጥቃቱን ያስቀጥላል፤ ለብዙ ቀናት ከተለየች ማዕረጓ ስለሚረሳ እንደ እንግዳ ይቀበሏታል። ለአንድ ሳምንት ያህል በሽቦ ወንፊት ተለያይተው እንዲተያዩ አድርጎ፣ ከዚያም መሽቶ ሁሉም ቆጥ ላይ ሲወጡ በመካከላቸው ማስቀመጥና በማግሥቱ ማለዳ ብዙ የሚጫር ጭድና የተበተነ እህል ማዘጋጀት ያዋጣል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ደም እንደገና ከታየ የምትለየው ተጠቂዋ ሳትሆን ነጪዋ ናት፤ ለሳምንት ያህል ከመንጋው ወጥታ ስትመለስ በማዕረጉ የመጨረሻ ደረጃ ላይ ስለምትገባ ምንቃሯን በሌሎች ላይ የምታነሣበት ዕድል ይቀንሳል።